የጨው ፈቃድ

ኮምቦልቻ ውስጥ ሰው ሲገናኝ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ቆዳ ነው። «ቆዳሽ ደህና አደረ?» ይላል አንዱ። «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነው» ይላል ሌላው። ስለ ልጅ፣ ስለ ሥራና ስለ ዝናብ የሚጠየቀው ከዚያ በኋላ ነው። ረምላ ይመር እናቷ ከቆሰሉ ወዲህ ይህን ሰላምታ መመለስ ትታለች። አንገቷን ነቅነቅ አድርጋ ታልፋለች። ሰፈሩ ኩራት ብሎታል።

ጠዋት ከሥራ በፊት የምትሠራው አይለዋወጥም። የእናቷን ጆሮ ጫፍ ጣቢያው በሚሰጠው መርፌ ትወጋና አንዲት ጠብታ ደም በትንሽ ጠርሙስ ትቀበላለች። ከዚያ የግራ እግራቸውን ፋሻ ትፈታለች። ቁስሉ መርገጫቸው ላይ ነው፣ የብርጭቆ ቂጥ ያህላል። ጠርዙ ነጭ ነው፣ መሀሉ ግራጫ። ቀይ ቢሆን ይሻል ነበር። ቀይ ማለት አዲስ ደም ሥር እየገባበት ነው ማለት ነው።

ወይዘሮ ዘሀራ የቆሰሉት በጥቅምት፣ በሰርግ ላይ ነው። ግድግዳ የሚጋሯቸው ጎረቤታቸው እትዬ መዲና ልጃቸውን ዘምዘምን ሲድሩ፣ ዘሀራ ወፍራሙን ጫማ አውልቀው ጨፈሩ። «በኛ ጊዜ በባዶ እግር ነበር» ብለው። ሣሩ ውስጥ የጠርሙስ ስባሪ ነበረ። ይኸው ግንቦት ገባ።

ረምላ የተወለደችው አዲስ ደም ሥር እንዳይበቅል የሚያግደው የስኳር መድኃኒት ጨው ውስጥ መግባት በጀመረበት ዓመት ነው። በስኳር የታወረ ሰው አይታ አታውቅም። እናቷ ግን ዓይነ ስውር አባታቸውን በእጃቸው እየመሩ ነው ያደጉት፣ ስለዚህ በመንግሥት ጨው ላይ ክፉ ነገር ሲናገሩ አይሰሙም። ዕጢም ብርቅ ሆኗል፣ ያለ አዲስ ደም ሥር አያድግምና። ቁስልም እንደዚያው አይድንም። በከተማው ቢላ አይሳልም። ልጆች ጓንት አድርገው ይማራሉ፣ በቦርከና ዳር የነበረው ግራር በሙሉ ተመንጥሯል፣ ድመት ያለ ጥፍር ነው የሚሸጠው። የቆሰለና ያረገዘ ሰው ፈቃድ ይጠይቃል። ፈቃዱን ሲያገኝ መድኃኒት የሌለበት ባዶ ጨው በታሸገ ከረጢት ይሰጠዋል፣ በሩ ላይም ቢጫ ሰሌዳ በሚስማር ይመታል፦ «ፈቃድ ያለበት ቤት። ምግብ ይዞ መግባት ክልክል ነው።»

ረምላ ቁርስ አቀረበች። ፍርፍር ነበር፣ ቀይ።

«ምነው ልጄ» አሉ ዘሀራ መጀመሪያውን ጉርሻ እንደዋጡ፣ «ባሕሩን ነው እንዴ የገለበጥሽበት?»

«ባዶ ጨው ነው እማ። አይጎዳሽም።»

«አይጎዳም ብለሽ አፌን አቃጠልሽው። የኔ በርበሬ ጨው አይፈልግም፣ ስንቴ ልንገርሽ?»

«እሺ። ብዪ።»

ሰዓት ረፍዶባት ነበር። ጠርሙሱን ቦርሳዋ ውስጥ ከታ ወጣች።

ረምላ በጤና ጣቢያው ሳህን አንባቢ ናት። የከተማው ነዋሪ ሁሉ እዚያ አንድ ሳህን አለው። በሳህኑ ስስ ጄል ላይ ከራሱ ደም ሥር ውስጠኛ ግድግዳ የተወሰዱ ሴሎች ይኖራሉ። የባለቤቱ ደም ጠብ ይደረግባቸውና ምን እንደሚያደርጉ ይታያል። የመንግሥት ጨው የበላ ሰው ሴሎች ሰፌድ ላይ እንደተበተነ ምስር ክብ ሆነው ተነጣጥለው ይቀመጣሉ። በፈቃድ ላይ ያለ ሰው ሴሎች ግን ይረዝማሉ። ቀጭን ክንድ አውጥተው በዙሪያቸው ይዳስሳሉ፣ ሲነካኩ ይያያዛሉ፣ ተያይዘው ቀለበት ይሠራሉ። ቀለበቱ ቆይቶ ደም የሚያሳልፍ ቱቦ ይሆናል። አንባቢ የሚጽፈው «ተያይዟል» ወይም «አልተያያዘም» ብሎ ነው። ያለ ፈቃድ የተያያዘ ሳህን ለፖሊስ ይተላለፋል።

የዘመድ ሳህን ማንበብ ስለማይፈቀድ የዘሀራን የሚያነቡት የጣቢያው ኃላፊ አቶ ገበያው ናቸው። ረምላን ጠርተው ሁለት ምስሎች ጎን ለጎን አሳዩዋት።

«ይህ ሆስፒታል ተኝተው ሳለ ነው። ተያይዞ ነበር። ይህ ደግሞ ቤት ከገቡ ወዲህ። ሴሎቹ ክንዳቸውን ሰብስበዋል።»

«ባዶ ጨው ነው የማበላት። ከረጢቱን ራሴ ነኝ የምከፍተው።»

«አላመንኩሽም አላልኩም። ግን አንድ ሰው የመንግሥት ጨው እያበላቸው ነው። ጠያቂ ይገባል?»

«አይገባም።»

«ረምላ፣ እኔም እዚሁ ነው ያደግኩት። የታመመ ሰው ቤት ጠያቂ አይገባም ትይኛለሽ?»

ምስሎቹን ወደ እሳቸው መለሰች። እሳቸውም የምታውቀውን ደንብ ደገሙላት። ጨው ከውጭ ከገባ የአስገቢው ስም ይመዘገባል፣ የበሽተኛው ፈቃድ ይራዘማል፣ አስገቢው ቤት ፈቃድ ካለው ይታገድበታል። ከራስ ቤት ከሆነ ግን ፈቃዱ ይቋረጣል፣ ሁለተኛ አይሰጥም። ፈቃድ የሌለው እግር ደግሞ አይድንም።

«ዶክተሩ ከሰኞ ወዲያ አልጠብቅም ብሏል» አሉ በመጨረሻ። «ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ነው የሚቆረጠው።»

የዚያን ቀን ረምላ ከሥራ ቀድማ ወጣች። እትዬ መዲና ሳህን በፎጣ ሸፍነው በሩ ላይ ቆመው ደረሰችባቸው።

«ረምልዬ፣ ቆዳሽ ደህና ዋለ?»

«ሰሌዳውን አላዩትም?»

«ማንበብ እችላለሁ የኔ እናት። አጥሚት ነው፣ ምግብ አይባልም።»

«አጥሚት ውስጥ ጨው አለ።»

«ቁንጥር ናታ!»

«ቁንጥሯ ናት እግር የምታስቆርጠው።»

መዲና ሳህኑን ከአንዱ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩት። «እኔ? እኔ ነኝ የዘሀራን እግር የማስቆርጥ? አንቺን ስታምጥ እጇን ይዤ ያደርኩት እኔ ነኝ! ዩኒቨርሲቲ ይህንን ነው ያስተማረሽ? በር ላይ ቆሞ ጠያቂ መመለስ?»

«አዎ። ይህንን ነው።»

«መዲና!» የዘሀራ ድምፅ ከመጋረጃው ጀርባ መጣ። «መዲናዬ፣ ግቢ እንጂ! ከደጅ ምን ያስቆምሻል?»

«አይገቡም» አለች ረምላ፣ በሩንም ዘጋችው። መዲና ከውጭ አንድ ነገር ተናገሩ፣ ግማሹ እርግማን ነበር፣ ግማሹ ልቅሶ።

ዘሀራ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። «እግሬን አተርፍ ብዬ ሰው አልባ ልቅር? ነገ ማን ሊቀብረኝ ነው?»

«ነገ አትሞቺም። ሰኞ ነው የምትቆረጪው።»

በማግስቱ አልጋው ሥር ስትጠርግ ጠርዙ ሰማያዊ የሆነ የመዲና ጎድጓዳ ሳህን አገኘች። ባዶ ነበር፣ ተልሷል።

«ይህ ከየት መጣ?»

ዘሀራ አልዋሹም። «ባለፈው ሥራ ሄደሽ ሳለ በመስኮት አቀበለችኝ።»

«በላሽው?»

«ለድመቷ ሰጠኋት።»

«እማ!»

«ወላሂ! ብመልስባት ትከፋለች። ተቀበልኳት፣ አመሰገንኳት፣ ለድመቷ ሰጠሁ። ምን ላድርግ?»

ድመቷ መስኮቱ ሥር ተጋድማ ነበር፣ ጥፍር አልባ፣ የጠገበች። ጣቢያው የድመት ምስክርነት አይቀበልም። ረምላ ሳህኑን በፌስታል ጠቅልላ ለአቶ ገበያው ወሰደችና የእትዬ መዲናን ስም አስመዘገበች። የእናቷ ፈቃድ ተራዘመ፣ የሰኞው ቀጠሮ ተሻረ። ከሰዓት በኋላ የጣቢያው መኪና ጎረቤት ቤት ቆሞ ቢጫውን ሰሌዳ ከበሩ ላይ ነቀለ። ሰሌዳው የዘምዘም ነበር። ባሏ ለሥራ ጋላፊ ድንበር ስለሆነ እናቷ ዘንድ ነው የተቀመጠችው፣ አምስተኛ ወሯን ይዛለች።

ረምላ በመስኮቱ ላይ ሚስማር መታች። ስትወጣም በሩን ከውጭ መቆለፍ ጀመረች። በሰፈሩ ስታልፍ ስለ ቆዳዋ የሚጠይቃት ጠፋ፣ ጊዜ ቆጠበላት።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ዘምዘም ጣቢያው መስኮት ላይ መጣች። ሆዷን በሁለት እጇ ይዛለች።

«ሳህኔን ልየው።»

«ለባለቤቱ አይታይም። ታውቂያለሽ።»

«አንቺ አይተሽው የለም እንዴ? ንገሪኝ።»

አይታዋለች። የዘምዘም ሳህን ከጣቢያው ሁሉ ያማረ ነበር፣ ከዳር እስከ ዳር እንደ ዳንቴል የተያያዘ። አሁን የዳር ቀለበቶቹ መበጠስ ጀምረዋል። ክንዳቸውን የሰበሰቡት ሴሎች ክብ ሆነው ቁጭ ብለዋል።

«ገና ነው» አለች ረምላ።

«ገና ምን ማለት ነው? ልጁ የሚበላው በእንግዴ ልጅ አይደል? እንግዴ ልጁስ ከምንድን ነው የሚሠራው?»

«ከደም ሥር።»

«ታዲያ ገና ምን ማለት ነው?» ዘምዘም ግንባሯን መስታወቱ ላይ አስደገፈች። «እማ አንዲት ማንኪያ አላጎረስኳትም ትላለች። በቁርኣን ትምላለች።»

«ሁሉም ይምላል። ቀጣይ!»

ከዘምዘም ኋላ የቆመው ሰው ግን ወደፊት ለመምጣት ጊዜ ወሰደበት።

ያን ሳምንት ማንም አልገባም። የዘሀራ ሳህን ግን ያው ምስር ነበር። «አሁንስ ማን ገባ?» አሉ አቶ ገበያው። ረምላ ቤቷ ገብታ የባዶ ጨው ከረጢቱን በብርሃን አየችው። ማሸጊያው ደህና ነው። ቀምሳው ጨው ጨው አላት፣ ሌላ ምንም። ከጣቢያው ራሱ ተሳስተው የመንግሥቱን አሽገው ሰጥተዋት እንደሆነስ? ከረጢቱን ወደ ጎን ገፋችና ምሳውን ያለ አንዲት ቅንጣት ጨው ሠራችው። እናቷ ቢያማርሩ መልሷን አዘጋጅታ ነበር።

ዘሀራ ጎረሱ። ደግመው ጎረሱ።

«ዛሬ ገና እጅሽ ቀና» አሉ። «ጨውሽ ልክ ነው።»

«ጨው አልጨመርኩም።»

«በርበሬው አለው አላልኩሽም?»

«ምን አለው?»

«ጨው ነዋ! ያለ ጨው በርበሬ ይደለዛል እንዴ? ይነቅዛላ። አምና ከመዲና ጋር ስንደልዝ ኮረሪማው፣ ኮሰረቱ፣ ጥቁር አዝሙዱ፣ ጨው ሁለት ሙሉ ከረጢት...»

«የመንግሥት ጨው?»

«ሌላ ጨው የት ነበረና?»

ረምላ ተነስታ ወደ ማድ ቤት ሄደች። ጣቷን አርጥባ እንስራ በሚያህለው ማሰሮ ውስጥ ከተተችና ላሰችው። መጀመሪያ ማቃጠሉ መጣ። ማቃጠሉ ሲያልፍ፣ ከምላሷ ሥር፣ ከልጅነቷ ጀምሮ የምታውቀው የብረት ምሬት ቀረ። በሕይወቷ በርበሬ አስደልዛ አታውቅም። ማሰሮው ሁልጊዜ ሞልቶ ነው የምታየው። ሆስፒታል ውስጥ የሚሰጠው አልጫ ነበር። እትዬ መዲናን ከደጅ ስትመልስ ምድጃው ላይ ይንተከተክ የነበረው ይኸው በርበሬ ነው።

ተመልሳ ለእናቷ ነገረቻቸው። በአጭሩ ነገረቻቸው። ዘሀራ የያዙትን ጉርሻ ሳህኑ ላይ መልሰው አስቀመጡ።

«መዲናን ምን አደረግን» አሉ።

«አስመዘገብኳቸው። ስለዚህ ነው ፈቃድሽ የተራዘመው። አሁን አልጫ ትበያለሽ፣ ሳህኑ ይያያዛል፣ እግርሽ ይድናል። ማንም ምንም አይጠይቅም።»

ማሰሮውን ጓሮ ብትደፋው ሽታው ለሰፈር ስለሚናገር አፉን በፌስታል አስራ አልጋው ሥር ገፋችው። ዘሀራ ሦስት ቀን አልጫ በሉ።

በሦስተኛው ቀን አቶ ገበያው ፈገግ ብለው ጠሯት። «ክንድ ማውጣት ጀምረዋል! ሁለት ቦታ ተነካክተዋል፣ ነይ እይ። እንግዲህ ጎረቤትሽ ነበረች ማለት ነው።»

«ይመስላል» አለች ረምላ።

ከዚያ ወደ ራሷ ጠረጴዛ ሄዳ የዘምዘምን ሳህን አየች። ሁለቴ አየችው። እንድትጽፍ የተፈቀደላት ቃል ሁለት ብቻ ስለሆነ፣ ከሁለቱ አንዱም ልክ ስላልነበረ፣ ማስታወሻውን ባዶ ተወችው።

ማታ ራት ላይ ለእናቷ የምሥራቹን ነገረቻቸው። ዘሀራ አልተደሰቱም።

«የዘምዘምስ?»

ረምላ መዋሸት ትችል ነበር፣ ግን መዋሸት ያደክማታል። «ግማሹ ተላቅቋል።»

«ግማሹ ሲላቀቅ ሕፃኑ ምን ይሆናል?»

«ይቀጭጫል። ከዚያ... እማ፣ ወጣት ናት። ሌላ ትወልዳለች።»

ዘሀራ ልጃቸውን ለረጅም ጊዜ አዩዋት። ቁጣ አልነበረባቸውም፣ የማያውቁትን ሰው ለማወቅ እንደሚሞክር ሰው ነበር የሚያዩት።

«እኔም ሌላ እግር አለኝ» አሉ።

ረምላ ጠዋት ስትነሳ አልጋው ባዶ ነበር። በሩ ከውስጥ ነው የሚቆለፈው ሌሊት፣ ቁልፉም ላዩ ላይ ነበር። ጎንበስ ብላ ከአልጋው ሥር አየች። ማሰሮው የለም።

ሮጣ ጣቢያው ስትደርስ ዘሀራ በአንድ እግራቸው ወፍራም ጫማ፣ በሌላው በደም የራሰ ፋሻ አድርገው አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል። ማሰሮውን የተሸከመላቸው የባጃጅ ሹፌር በሩ ላይ ቆሟል። አቶ ገበያው ፌስታሉን ከፍተው ያስነጥሳሉ።

«ይማርህ» አሉ ዘሀራ። «በርበሬ ነው ልጄ። የመንግሥት ጨው አለበት። እኔ ነኝ የጨመርኩት፣ እኔው ነኝ የበላሁት። የመዲናን አጥሚት ለድመት ነው የሰጠሁት። እንዲህ ብለህ ጻፍ።»

«አታውቅም ነበር!» ረምላ በመሀላቸው ገባች። «ያበሰልኩት እኔ ነኝ። ስህተት ነው።»

«ደንቡ ስህተት ነው ወይስ ሆን ተብሎ ነው አይልም» አሉ አቶ ገበያው ዓይናቸውን እየጠረጉ። «ከቤት ነው ወይስ ከውጭ ነው የሚለው።»

«ሳህኑ እየተያያዘ ነው! ትናንት ራስዎ አሳይተውኛል!»

«አሳይቼሻለሁ።»

«ታዲያ?»

አቶ ገበያው ማሰሮውን አዩ፣ የሹፌሩን ፊት አዩ፣ ከመስኮቱ ውጭ የተሰለፈውን ሰው አዩ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ብቻችንን ብንሆን» አሉና ሐሳባቸውን አልጨረሱትም። ከዚያ ሁሉም እንዲሰማ፣ «ፈቃዱ ተቋርጧል» አሉ። «የጎረቤቲቱ ልጅ ፈቃድ ከዛሬ ጀምሮ ተመልሷል።»

«አላህ ይስጥህ» አሉ ዘሀራ፣ ለመነሳትም የረምላን ክንድ ያዙ። ክብደታቸውን በሙሉ ጣሉባት።

ፈቃዱ የተቋረጠ ሰው ሳህን በዚያው ቀን ይደፋል፣ አዲስ ተዘርቶ እንደማንኛውም ሰው ይቆጠራል። ሥራው የተረኛ አንባቢ ነው፣ ተረኛዋም ረምላ ነበረች። ከመድፋቷ በፊት ሳህኑን መነጽሩ ሥር አስገባችው። ሴሎቹ ውሳኔውን አልሰሙም። ሌሊቱን ሲሠሩ አድረዋል። ከግራ ጠርዝ የተነሳ ቀጭን ክር መሀሉን አቋርጦ ከሌሎች ሦስት ጋር ተገናኝቶ ነበር፣ ባዶ የነበረውም ቦታ ላይ የመጀመሪያው ቀለበት ተዘግቷል። ሙሉ ቀለበት ነው። ለመጻፍ ቢፈቀድላት ቃሉ «ተያይዟል» ነበር። መድፊያው ላይ ዘቀዘቀችው፣ ውሃ ለቀቀችበት፣ የዘምዘምን ሳህን አነሳች።

እግሩ የተቆረጠው በመጣው ሰኞ ነው።

ዘሀራ ከሆስፒታል በተመለሱ ማግስት በሩ ተንኳኳ። ቢጫው ሰሌዳ ከተነቀለ በኋላ አራት የሚስማር ቀዳዳ በሩ ላይ ቀርቷል። ረምላ ከፈተች። እትዬ መዲና ሳህን በፎጣ ሸፍነው ቆመዋል። ስለ ቆዳዋ አልጠየቋትም። በአጠገቧ አልፈው ገቡና አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ፣ ድሮ እግሩ በነበረበት በኩል።

«መጣሽ?» አሉ ዘሀራ።

«መጣሁ። ዘምዘም ሰላም ብላሻለች። ትናንት ተንቀሳቀሰ።»

«አልሐምዱሊላህ! ወንድ ነው፣ እየው፣ የሚያስቸግር ወንድ ነው።»

«በምን አወቅሽ?»

«አንድ እግር አስከፍሎኝ የለ?»

መዲና ሳቁ፣ ሳቁ መሀል ላይ ተሰበረና ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ከዚያ ፎጣውን ገለጡ። አጥሚት ነበር፣ ትኩስ። በማንኪያ ቀድተው እፍ ብለው አቀረቡላቸው።

ዘሀራ ቀመሱና ፊታቸውን አኮማተሩ። «ምንድን ነው ይህ? ጨው የለውም።»

«ያው» አሉ መዲና፣ ወደ ረምላ ሳያዩ፣ «ክልክል ነው ብላ...»

«አሁን ምን የሚከለከል ቀረ? ረምላ፣ ጨው አምጪ።»

ረምላ አልተንቀሳቀሰችም። እናቷ ደግመው አልጠሯትም፣ ማንኪያውን አፋቸው አጠገብ እንደያዙ ጠበቋት። ማድ ቤት ገባች። ባዶው ጨው አሁንም መደርደሪያው ላይ ነበር፣ ግማሹ አልተነካም። ከጎኑ ያለውን የመንግሥቱን አነሳች። ተመልሳ አልጋው አጠገብ ቆመች፣ በጣቶቿ ቆንጥራ አጥሚቱ ላይ በተነችው፣ አማሰለችው።

ዘሀራ ቀመሱ።

«ትንሽ ጨምሪ» አሉ።